በካላኒሽ የቀረጽኩት ምስል ይርገበገባል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ፣ በካሜራ ሥራ የቆያችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ። የምኖረው ግላስጎው ነው። ለአንድ የቪዲዮ ሥራዬ በስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት ያሉትን የካላኒሽ የቆሙ ድንጋዮች ከምሽት እስከ ንጋት በየ10 ሰከንዱ ፎቶ እያነሣሁ ቀረጽኩ። ከ4500 ዓመት በላይ ቆመው የኖሩ ናቸው። ከኡላፑል በመርከብ ተሻግሬ ሁለት ሌሊት በነፋስ ውስጥ አደርኩ። በሰኔ እዚያ ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፤ ልቤን የወሰደውም ያ ድንግዝግዝ ብርሃን ነው።

ምስሎቹን ስገጣጥም ግን ብርሃኑ ይርገበገባል። ካሜራው የብርሃን መጠኑን ራሱ እንዲመርጥ ትቼው ስለነበር፣ ደመና ባለፈ ቁጥር አንዱ ምስል ይደምቃል፣ ቀጣዩ ይጨልማል። በሁለተኛው ሌሊት ሁሉንም በእጄ ወስኜ ብተወው መርገብገቡ ጠፋ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን በምስሉ ላይ ድንጋዮቹን ጨለማ ዋጣቸው።

የመጀመሪያውን ሌሊት በኮምፒውተር ማዳን ይቻላል? ፎቶዎቹ ሳይጨመቁ በጥሬ ፋይል ተቀምጠዋል። ካልተቻለና ከተመለስኩ፣ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በየስንት ደቂቃው፣ በምን ያህል ልቀይር? ሁለተኛ ጉዞ ለኪሴ ከባድ ነው፤ እባካችሁ፣ የሞከራችሁትን በዝርዝር ንገሩኝ።