አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ይዞኝ በረራ እንዴት ልቀጥል?

ሰላም ወገኖች። ረዳት አብራሪ ነኝ። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ሕመም እንዳለብኝ በኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ከውስጥ በሚያይ ምርመራ) ከታወቀ ወዲህ በረራ አቁሜያለሁ። ሜሳላዚን የሚባል የአንጀት ቁስለት ማስታገሻ እወስዳለሁ። ከአንጀቴ ይወጣ የነበረው ደም ቆሟል፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ኪኒንም ሐኪሜ ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ነው።

በአውሮፓ የአቪዬሽን ደንብ፣ ሕመሙ ጋብ ብሎ ከተረጋጋና ያለ ስቴሮይድ ኪኒን መቆጣጠር ከተቻለ የአንደኛ ደረጃ የጤና ሰርተፍኬት ማግኘት ይቻላል። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣንም (ኤፍኤኤ) በሩን አልዘጋም። ይሄ ትልቅ ተስፋ ሰጥቶኛል።

የሚያስጨንቀኝ ግን ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ሥራውን የምታውቁ ይገባችኋል። ቦሌ ለማረፍ መውረድ ስንጀምር ቀበቶ ታስሯል፣ ቼክሊስት እየተነበበ ነው፣ ሬዲዮው አያርፍም። ያኔ ሆድ ቢያጣድፍ ተነስቶ መሄድ የለም። የሌሊት በረራ ሲሆን ደግሞ የምግቡም የመድኃኒቱም ሰዓት ይዛባል።

እባካችሁ፣ ከዚህ ሕመም ጋር የሚያበር ሰው ካለ ያናግረኝ። ስቴሮይድ ካቆማችሁ በኋላ ለመመለስ ምን ያህል ጠበቃችሁ? ምን ምርመራ ተጠየቃችሁ? ለካፒቴኑ ከበረራ በፊት ትነግሩታላችሁ? በሥራ ቀንስ ምን ትበላላችሁ? እኔን በርበሬ የበዛበት ወጥ ወዲያው ነው የሚያስነሳብኝ።

ሐኪሜ አዛታዮፕሪን የሚባል የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ሊያስጀምረኝ አስቧል። እሱን እየወሰደ የበረረ ካለ በተለይ መስማት እፈልጋለሁ። የአቪዬሽን ሐኪሞችም ካላችሁ፣ ለግምገማው ከአሁኑ የትኞቹን የምርመራ ውጤቶች ላሰባስብ? ይህን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምወደው፤ መመለስ እፈልጋለሁ።