ጥቆማ፦ ለስፒከር ሳጥን ኮምፔርሳቶ ባሕር ዳር ላይ የት ይቆረጥ?

ወንድሜ፣ እቤት ልቁረጠው ወይስ ፈርኒቸር ቤት ልውሰደው ላልከው፦ ቀጥ ያለውን ቁርጥ ሁሉ ለፈርኒቸር ቤት ስጥ። የስፒከሩን ክብ ቀዳዳ ብቻ እቤት በጂግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ ክብ በሚቆርጠው የኤሌክትሪክ መጋዝ) አውጣው። ለአንድ ሳጥን ብሎ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ መግዛት ብር መበተን ነው።

ሳጥኑ በመገጣጠሚያው አየር ካሾለከ ቤዙ ይላላል፣ አንዳንዴም ያፏጫል። ጠርዙ ግጥም የሚለው ቁርጡ ቀጥ ሲል ነው፤ ይህ ደግሞ በፈርኒቸር ቤቱ የጠረጴዛ መጋዝ ይቀላል። ግን ልኬት ሰጥተህ ሻይ ልጠጣ ብለህ እንዳትሄድ! እኩል ስፋት ያላቸውን ክፍሎች ማሽኑ ልኩ ሳይነካ አከታትለው እንዲቆርጡልህ ንገራቸው። ያኔ ሁለት ሚሊ ቢሳሳቱ እንኳ ጥንዱ እኩል ይሳሳታል፣ ሳጥኑም አይጣመምም። ምላጩንም እይ። ባሕር ዛፍ ሲሰነጥቅ የዋለ ባለ ትልልቅ ጥርስ ከሆነ የኮምፔርሳቶውን ፊት ይቦጫጭቀዋል። ደቃቅ ጥርስ ያለው ከሌላቸው ሌላ ቤት ሂድ። ከመነሳትህ በፊት ደውለህ መብራት መኖሩንም ጠይቅ።

ውፍረቱን ሳትለካ ግን ሒሳብ አትሥራ። 18 ሚሊ ተብሎ የተሸጠው ሲለካ 17 ሊወጣ ይችላል። ክዳኑ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚገባ ከሆነ ከውጭ ስፋቱ የምትቀንሰው 36 ሳይሆን 34 ይሆናል። መጋዙም በየቁርጡ 3 ሚሊ አካባቢ ይበላል።

የግድ እቤት ከሆነ፣ የጎረቤት አናጺ መጋዙን ይዞ ቢመጣልህ ይሻላል። ከአልሙኒየም ቤት ቁራጭ ቱቦ ለምናችሁ ለመጋዙ መምሪያ አድርጉት፤ በሞርሳ ጥብቅ ይበል። የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ከታች ወደ ላይ ስለሚነክስ ቆንጆው ፊት ወደ ታች ይሁን። በጠረጴዛ መጋዝ ግን ተቃራኒው ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ቺፕውድ (ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የሚሠራው) ርካሽ ነው፤ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ በጠርዙ በኩል ብሎን አይዝም። በጣና ዳር ክረምት አልመክረውም። ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራው) ለቀለም ያምራል፤ ይከብዳል፣ ብናኙም ክፉ ነው፣ ማስክ አድርግ። ከግንባታ የተረፈ ፊልም (ለስላሳ ሽፋን) ያለው የአርማታ ኮምፔርሳቶ በርካሽ ቢሰጡህ ጠንካራ ነው፤ ኮላ ግን ፊልሙን አይዝም፣ መጋጠሚያውን መፋቅ አለብህ። ሲሚንቶና ሚስማር ካለበት ደግሞ ማንም ማሽኑ ላይ አያስገባልህም።

ሙሉው ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ አይገባም። ወደ ሽምብጥም ሆነ ወደ ሌላ ሰፈር ከመጫንህ በፊት እዚያው ገበያ አጠገብ አስቆርጠው።