የኦንላይን ዶሚኖ ገበያ ድሬ ላይ ስንት ያወጣል? ማርኬት ሳይዝ እንዴት ነው ሚሰላው?

ሳቢያን_ኮደር

ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ድሬ ነኝ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን በብሮውዘር ሚሰራ የዶሚኖ ጌም ጨርሰናል፣ ዳውንሎድ ምናምን የለውም፣ ሊንኩን ትነካለህ ጓደኛህን ትጠራለህ ትጫወታለህ በቃ። ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ ጧ ሲያረጉት ሚወጣውን ድምፅ ሳይቀር ራሳችን ቀድተን ነው ያስገባነው (የባጃጅ ጡሩንባ እየገባብን አንድ ከሰዓት ሙሉ በላን)።

አሁን አንድ የስታርታፕ ውድድር ልንገባ ነው፣ ፎርሙ ላይ ግን "የገበያው መጠን" ሚል ገጽ አለ። ሦስት ሳጥን ነው፣ ጠቅላላው ገበያ፣ ከሱ ውስጥ ልትደርሱበት ምትችሉት፣ ከዛ ደሞ በእርግጥ ምትይዙት። እኔ የሞላሁት እንዲህ ነው፣ ኒውዙ ሚባለው የጌም ገበያ አጥኚ ድርጅት በፈረንጅ 2023 የዓለም የጌም ገበያ ወደ 184 ቢሊዮን ዶላር ነው ብሏል፣ ግማሽ ገደማው የሞባይል ነው። እኛ 1 ፐርሰንት እንኳን ብንይዝ ብዬ 1.84 ቢሊዮን ዶላር ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይቶ እስኪያስለው ሳቀ። እሺ ሳቀ፣ ግን ምን ይጻፍ ስለው እሱም አያውቅም። ሚያውቅ ካለ እስቲ ተባበሩኝ፣ ሚገባው የፊታችን አርብ ነው።

ጀጎል_ሒሳብ

ጓደኛህ ልክ ነው ሃሃሃ። 1.84 ቢሊዮን ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ፣ የካንዲ ክራሽ ባለቤት ኪንግ በፈረንጅ 2013፣ ጌሙ ዓለምን ባሳበደበት ዓመት፣ ጠቅላላ ያስገባው 1.88 ቢሊዮን ዶላር ነው። አንተ "1 ፐርሰንት እንኳን" ብለህ በትህትና የጻፍከው ቁጥር እሱ ነው። ከዛ ላይ ያ 184 ቢሊዮን ውስጥ ፕሌይስቴሽኑም የኮምፒውተሩም አለበት፣ የአንተ ዶሚኖ ከነሱ ጋር አንድ ኪስ አይጋራም።

ከላይ ወደ ታች አትውረድ፣ ከታች ቁጠር። እኔ ሐረር ሆኜ የድሬን ልቁጠርልህ እንግዲህ አትቀየመኝ። በ1999ኙ ቆጠራ ድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰው ነበር፣ ከተማው ብቻውን 233,224። ከዛ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም፣ ስለዚህ ከተማውን ለሒሳብ እንዲቀል 300 ሺህ በለው፣ ከዛም ሊበልጥ ይችላል፣ ግን አሳንሰህ መጀመር አያስጠይቅህም። ከነሱ ግማሹ ከ15 እስከ 50 ዓመት ነው በል፣ 150 ሺህ። ከነዚህ ግማሹ ስማርት ስልክ አለው በል፣ 75 ሺህ። እነዚህ ግምት ናቸው፣ ግምት መሆናቸውን ፎርሙ ላይ ጻፈው፣ አይደበቅም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ በሲም ካርድ ቁጥር እንዳትቆጥር። ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎት የጀመረው እናንተ ጋ ነው፣ ነሐሴ 2014 በኛ፣ ከአዲስ አበባ በፊት። የድሬ ሰው ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ሲም ይዞ ነው ሚዞረው፣ በሲም ከቆጠርክ አንዱን ሰው ሁለቴ ነው ምትቆጥረው።

አሁን 75 ሺሁ ላይ ቁም። ከነሱ ውስጥ በሳምንት አንዴ እንኳን ቀላል ጌም ሚነካካ ስንቱ ነው? ሲሶው ነው በል፣ 25 ሺህ። ይሄ ሲሶ ሚለው ነው ሙሉ ሒሳቡን ሚሸከመው፣ እሱን ደሞ ቁጭ ብለህ አታገኘውም፣ ወጥተህ መጠየቅ አለብህ።

ወሪያ_መጋላ

አቦ ምን ታካብዱታላችሁ። ያ የቬትናሙ ልጅ ዶንግ ንጉየን ፍላፒ በርድን ብቻውን ሰርቶ በማስታወቂያ በቀን 50 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር ተብሏል፣ ማርኬት ሳይዝ ማን ሞልቶለት ነው? ልቀቁት ልጁን ጌሙን ይልቀቅ።

ጀጎል_ሒሳብ

ወሪያ፣ ሎተሪ የደረሰውን ሰው አይተህ የሎተሪ ገበያ አትገምትም። ያው ልጅ ደሞ የካቲት 2014 በፈረንጅ ጌሙን ከስቶር ላይ ራሱ አውርዶታል፣ ጫናው ከብዶኝ ነው ብሎ። ዎርድል ሚባለውን የቃል መገመቻ ጌም እይ፣ ጥቅምት 2014 በኛ መጨረሻ አካባቢ 90 ሰው ነበር ሚጫወተው፣ ከሁለት ወር በኋላ 300 ሺህ አለፈ፣ ጥር ላይ ደሞ ኒውዮርክ ታይምስ ገዛው። ይሄንን ቁጭ ብሎ ሚገምት ሰው የለም። ፎርሙ ሚጠይቀው ግን ተአምሩን አይደለም፣ ተአምር ባይመጣ ስንት እንደሆነ ነው።

ከዚራዊት

እኔ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ፣ 41 ዓመቴ ነው፣ ልጄ ነው ይሄን ያሳየኝ። ልጆች አንድ ነገር ልበላችሁ፣ መንገድ ላይ አስቁማችሁኝ "ጌም ትጫወቻለሽ ወይ" ብትሉኝ ወላሂ አልጫወትም ነበር ምላችሁ። ጌም ማለት ለኔ የልጄ ኳስ ነው። ግን ስልኬን ብትከፍቱት ካንዲው አለ፣ ደረጃ 600 ምናምን ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ገበያተኛ ሲጠፋ ሌላ ምን ይሰራል። አጠገቤ ያለችው ልጅም እንደዛው። ስለዚህ ስትጠይቁ "ስልክሽ ላይ ምን ጨዋታ አለ፣ መጨረሻ የነካሽው መቼ ነው" በሉ።

ሌላ ደግሞ፣ የፌስቡኩ እርሻ ትዝ ይላችኋል? ፋርምቪል። ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልኩ ሰብሌ እንዳይደርቅብኝ ብዬ ከሥራ እየወጣሁ ሮጬ ሄጄ አጭድ ነበር። ስንት ብር እንዳወጣሁ እኔና እግዜር ነን ምናውቀው። ግን ለጌሙ ባለቤት አምስት ሳንቲም ደርሶት አያውቅም፣ ሁሉንም የበላው የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ነው። በ2020 በፈረንጅ መጨረሻ ጌሙ ሚሰራበት ፍላሽ ሚባለው ፕሮግራም ሲቀር እሱም ተዘጋ፣ ደህና ነበር።

ሳቢያን_ኮደር

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነገር ነው የነገሩኝ። ማለቴ እኔ "ሰው ለጌም ስንት ያወጣል" እያልኩ ነበር ምገምተው፣ ግን ሚያወጣው ብር ለሠሪው ሳይሆን ለሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል። አሁንም ፓኬጅ ገዝቶ ነው ሚጫወተው፣ ብሩ ለቴሌ ነው ሚገባው።

ከዚራዊት

እንደሱ ነው። አንቱታውን ግን ተወው፣ አንቺ በለኝ።

ከድሬ_አዲሳባ

የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ነው ምሰራው፣ የአፕ ማስታወቂያ ላይ። ከላይ ያለችው እህታችን ዋናውን ነገር ብላዋለች፣ በዙሪያው ሚንቀሳቀሰውን ብር ሳይሆን ሠሪው ጋ ሚደርሰውን ቁጠር። ሠሪው ጋ ሚደርሰው በሁለት በር ነው፣ ወይ ተጫዋቹ ይከፍልሃል ወይ ማስታወቂያ አስነጋሪው ይከፍልሃል።

የመጀመሪያው በር ጠባብ ነው። ኪንግ አክሲዮን ገበያ ሊገባ ሲል ባወጣው ሰነድ ላይ በፈረንጅ 2013 መጨረሻ በወር ወደ 304 ሚሊዮን የተለያየ ሰው ይጫወት ነበር፣ የከፈለው 12 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከመቶ አራት። ይሄ እንግዲህ ባንክ ካርዱ ከስልኩ ጋር የተያያዘለት ሀገር ሰው ያለበት ነው። እኛ ጋ ቴሌብር ከመጣ (ግንቦት 2013 በኛ) ወዲህ መክፈል ቀሏል፣ ግን አንተ አራቱንም ካገኘህ ስለት አስገባ። በጀጎል_ሒሳብ ቁጥር ብንሄድ 25 ሺህ ተጫዋች፣ ከመቶ አራት 1,000 ሰው፣ እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢከፍል 20 ሺህ ብር። ይሄ የከተማው የሁሉም ቀላል ጌም አንድ ላይ ነው። አንተ አስረኛውን ያዝኩ ብትል 2,000 ብር። እስቲ ሰፈርህ ያለውን ፕሌይስቴሽን ቤት አስበው፣ አንድ ጨዋታ 10 ብር ቢያስከፍል፣ በቀን 40 ጨዋታ ቢጫወቱበት፣ አንዷ ቲቪ ብቻዋን በቀን 400 ብር ታስገባለች። ያንተ የወር ገቢ የአንድ ቲቪ የአምስት ቀን ሥራ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው በር ማስታወቂያ ነው። ከ25 ሺሁ በየቀኑ ሚገባው ሲሶው ነው እንበል፣ 8 ሺህ ገደማ። ሰው በቀን 6 ማስታወቂያ ቢያይ 48 ሺህ እይታ። እኛ ሀገር ላለ ተመልካች ሚከፈለው ትንሽ ስለሆነ ለ1,000 እይታ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ብለህ ያዘው፣ በቀን 24 ዶላር፣ በወር 720 ዶላር። አሁንም ለሁሉም ጌም። ያንተ አስረኛ 72 ዶላር። ጉግል ደሞ 100 ዶላር ሳይሞላ አይልክልህም፣ ስለዚህ 100ው ራሱ ሚሞላልህ ሁለተኛ ወር ላይ ነው።

ወሪያ_መጋላ

አቦ ልጁን ገደላችሁት እኮ

የባቡር_ልጅ

ወሪያ ረጋ በል። እኔ ሚገርመኝ ሁላችሁም ድሬ ብላችሁ አስተዳደሩ ድንበር ላይ ቆማችሁ መቁጠራችሁ ነው። የእንጀራ ማዘዣ አፕ ቢሆን እሺ፣ ዶሚኖ ግን ማነው ሚጫወተው? ድሬ ይጫወታል፣ ሐረር ይጫወታል፣ ጅጅጋ ይጫወታል፣ ጅቡቲ ከሰዓት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ጥላ ስር ዶሚኖ ነው፣ ሐርጌሳም እንደዛው። ነጥቡን ለመቁጠር ቋንቋ አያስፈልግም፣ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። የበርጫ ሰዓቱ ሁላ አንድ ነው። የዶሚኖ ገበያ ባቡሩና መኪናው ሚሄድበት መስመር ነው እንጂ ቀበሌ አይደለም።

ደሞ ከነዚህ ከተሞች የወጣውን ሰው እዩ፣ ቶሮንቶ አለ ሚኒሶታ አለ። ካናዳና አሜሪካ ላለ ተመልካች አስነጋሪው ሚከፍለው ከኛ ብዙ እጥፍ ነው አይደል፣ ከድሬ_አዲሳባ? አንድ የቶሮንቶ አጎት ማታ ከታክሲ ሥራ ሲገባ ከወንድሙ ጋር ድሬ ላይ አንድ ዙር ቢጫወት፣ ወንድሙ ነው ገበያውን ያመጣው፣ ብሩን ያመጣው ግን አጎትየው ነው።

ከድሬ_አዲሳባ

ልክ ነው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንደውም ይሄን ነው ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ምትጽፈው። ግን ውጭ ያሉትን ለብቻ መስመር ጻፋቸው፣ ከድሬው ጋር አትደባልቅ፣ ዳኞቹ አንዱን ቁጥር ካላመኑት ሁሉንም ነው ሚጥሉት።

ሳቢያን_ኮደር

ጀመዓ ተመለስኩ። ሁለት ቀን ወጥተን ጠየቅን። መጀመሪያ ጓደኛዬ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተን እንጠይቅ አለኝ፣ እዛ እኮ ሁሉም ተጫዋች ነው፣ በሬ ተራ ሄዶ "በሬ አለህ ወይ" ብሎ እንደመጠየቅ ነው አልኩት። ታይዋን ገበያ፣ ባጃጅ ተራ እና ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተከፋፍለን ቆምን። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ስምንት ሰዎች "ጌም አልጫወትም" ብለው አለፉን፣ ከዛ የከዚራዊትን አጠያየቅ ያዝን፣ ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ባጃጅ ነጂ "ኧረ እኔ ጌም አላቅም" እያለ ከረሜላ ሚያፈነዳውን ጌም ቆም ሳያረግ ነው ሚያወራኝ።

100 ሰው ነበር ሐሳባችን፣ ሙቀቱ አሸነፈን፣ 40 ላይ ቆምን። 15ቱ ባለፈው ሳምንት ተጫውተዋል። ጀጎል_ሒሳብ በውስጥ መስመር ሒሳቡን ሰርቶ ላከልኝ፣ በ40 ሰው ከሆነ እውነቱ ከ22 እስከ 52 ፐርሰንት መሀል የትም ሊሆን ይችላል አለኝ። ክፍተቱ ሰፊ ነው ስለው 100 ብትጠይቅ ይጠብልህ ነበር አለኝ፣ ና እና አንተ ፀሐይ ላይ ቁም አልኩት።

ስለዚህ 75 ሺሁ ላይ ከ16,500 እስከ 39,000 ተጫዋች። የማስታወቂያው ብር በከድሬ_አዲሳባ ሒሳብ ለከተማው ሁሉ በወር ከ475 እስከ 1,120 ዶላር ገደማ ይመጣል። አንድ ቁጥር ሳይሆን ከ እስከ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ግምት የሆነውን ሁሉ ስሩ አስምሬበት። ሦስተኛው ሳጥን፣ በእርግጥ ምንይዘው ሚለው ላይ፣ የዚያን አስረኛ ጻፍን። ጓደኛዬ "ይሄን አይተው ማን ይሸልመናል" ብሎ ተናደደ፣ 1.84 ቢሊዮኑን መልሰን እንጻፍ ሁላ ብሎኛል።

የባቡሩን መስመር ግን ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ አስገብቻለሁ። እና አሁን አንድ ጣጣ ወጣ፣ ኮዳችን ለሁለት ሰው ብቻ ነው ሚሰራው። ጅቡቲ ወይ ጅጅጋ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ በአራት ሰው ሁለት ለሁለት ነው ምትጫወቱት ወይስ እያንዳንዱ ለራሱ? ነጥቡስ ስንት ሲሞላ ነው ሚያልቀው? አርብ ሳይደርስ ንገሩኝ።

ከዚራዊት

ለአራት ሰው ስታረጉት ድምፁን ሚያጠፋ ነገር አድርጉበት። ሱቅ ውስጥ ጧ ካለ ባለቤቱ ይሰማል።