ሁለቱን ጆን ዋሽንግተኖች በምን ልለያቸው?

የቨርጂኒያውን የዋሽንግተን ቤተሰብ የዘር ሐረግ እየሠራሁ አንድ ስም ላይ ቆሜያለሁ። ከእንግሊዝ የተሻገሩት ወንድማማቾች ጆንና ሎረንስ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1677 ሞቱ፤ ሁለቱም ጆን የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸው። (እንደኛ በአባት ስም ቢጠሩ ኖሮ ባላስቸገረ!) የስደተኛው ጆን ልጅ ሎረንስ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን አያት፣ በ1698 ኑዛዜው አንዱን ጆን "ካዝን" ይለዋል። ቃሉ ያኔ የአጎት ልጅም የወንድም ልጅም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ በካውንቲ (በአስተዳደር ወረዳ) ለየኋቸው፦ የጆን ወገን ዌስትሞርላንድ፣ የሎረንስ ራፓሃኖክ። ልጆቹ መሬት ሲለዋውጡ ግን ተደባለቀ። ፊርማ ማመሳሰልም አልሠራም፤ መዝገቡ ላይ ያለው የጸሐፊው ግልባጭ ነው። በቀን ስደረድር ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ስለነበር የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ሰነዶች ያለፈውን ዓመት ይዘዋል። አሁን "1697/98" እያልኩ በጥንድ አርሜያቸዋለሁ።

የቀረኝ የመሬት ሽያጭ ውል ነው፤ ሚስት በባሏ መሬት ላይ ያላትን መብት ስትለቅ ስሟ ይጻፋልና። ሁለቱን ጆኖች ለመለየት ይህን በሚስት ስም መከተል ይሻላል ወይስ የአዋሳኝ ጎረቤቶችን ስም?