ጥቆማ፦ ለስሜን ተራሮች ጉዞ ቦርሳ ላይ የሚታሰር የእሳት ማስነሻ

የሰሚቷ
ሰላም ቤተሰብ። መስከረም መጨረሻ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮች እንሄዳለን። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፤ አራት ቀን በእግር። ለክፉ ቀን የሚሆን እሳት ማስነሻ ቦርሳዬ ላይ ማሰር ፈልጌ ነው። ሦስት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው ላይተር ላይ ሰፊ ፕላስተር ጠቅልሎ መያዝ፣ ሁለተኛው ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ፣ ሦስተኛው ያ ሲፋቅ ብልጭታ የሚያወጣው ብረት። የትኛው ይሻላል? ብረቱንስ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ላግኝ?

አቤል መርካቶ
ብረቱን ምናለሽ ተራ ታገኚዋለሽ። አንድ ደንበኛ አለኝ፣ የካምፕ ዕቃ የሚባል ነገር ከሱ ሱቅ አይጠፋም። ሌላ ቦታ አትልፊ። የውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ሱቁን አሳይሻለሁ።

ሜሪ ጂ
እኔ እንኳን ከብረቱ በፊት ስለ አስጎብኚው አስቢ እላለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሄድን። «ምግብ፣ ድንኳን፣ ጋዝ ሁሉ አለ» ተባልን። ግጭ ላይ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ድንኳኑ አፈሰሰ። የምግብ ማብሰያው ጋዝ አልቋል፣ ትርፍ አልያዙም። ከመካከላችን አንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ከዚያ አፏ ተሳሰረ። ስሟን ስንጠራት መልሷ የማይገናኝ ሆነ። እርጥብ ልብሷን አውልቀን ሁለት ሰው መሀል አስተኛናት። ትኩስ ሻይ እንኳን የምናጠጣት አጣን። ስንመለስ ድርጅቱ ስልክ አያነሳም። ብራችንም ቀረ።

ዳጊ ሾፌር
የትኛው ድርጅት ነው? ስሙን ጻፊው እንጂ! ሰው ይጠንቀቅ።

ሜሪ ጂ
ስም አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ድንኳኑን ዘርግታችሁ ውሃ አፍስሱበት። ጋዙንም በእጃችሁ መዝኑት።

ቤዛ የጉለሌ
እኛም ወንጪ ላይ እንዲሁ ሆነናል። የዝናብ ልብስ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። እኔ የገዛሁት ሁለት ዝናብ እንኳን አልቻለም። ጥሩ የዝናብ ልብስ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ?

ዮኒ 22
ልጅቷ እሳት ማስነሻ ብላ ነበር። እስካሁን ድንኳን፣ ጋዝ፣ የዝናብ ልብስ አግኝታለች። ቀጥሎ ስለ ኮንዶሚኒየም ኪራይ እንወያይ።

የደባርቅ ልጅ
እህቴ፣ እዚሁ ተራራው ላይ በምግብ ማብሰልም በመምራትም የምሠራ ሰው ነኝ። ላይተርሽን ስትመርጪ መንኮራኩር ያለውን በአውራ ጣት የሚሽከረከረውን ያዢ። ተጫን ብቻ የሚለው ዓይነት ከፍታ ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ ራስ ደጀን ደግሞ 4,550። ሌላው ብርዱ ነው። ላይተር ውስጥ ያለው ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አይተንም። ስለዚህ ሌሊት ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ ያደረ ላይተር ጠዋት ብትጫኚው ብልጭታ ብቻ ነው። ከሰውነትሽ ጋር፣ ብብትሽ አጠገብ ባለ ኪስ አሳድሪው። ቦርሳ ላይ የሚታሰረው ትርፉ ይሁን።

ሌላ ነገር። ፓርኩ ውስጥ ማገዶ መልቀም ክልክል ነው። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ጓሳ ሣሩ እንደ ጥጥ ነው የሚያያዘው። በ2011 ዓ.ም. ሲነድ ከእስራኤል ድረስ እሳት አጥፊዎች መጥተው አግዘዋል፣ እኛም በቅጠል ስንመታው ውለናል። የያዝሽው እሳት ምድጃ ለመለኮስ ነው እንጂ ደመራ ለማብራት አይደለም።

ሄለን ኮሎራዶ
የደባርቁ ወንድሜ እውነቱን ነው። እኔ ዴንቨር ነው የምኖረው፣ ክረምቱን ተራራ እንወጣለን። የጥጡን ነገር እንዲህ አድርጊው። ቫዝሊኑን ጥጡ ውስጥ በጣትሽ እሺው፣ ግን መሀሉ ደረቅ ይቅር። ከዚያ በአጭሩ የተቆረጠ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ውስጥ ጠቅጥቂው። ሁለቱን ጫፍ በሻማ እሳት አሙቀሽ ቆንጥጠሽ ዝጊው። ውሃ አይገባውም፣ ቫዝሊኑም ልብስ አይነካም። ስትፈልጊ ስትሮውን ቀደሽ ጥጡን እንደ ፈትል ሳብ ሳብ አድርገሽ ታላዪዋለሽ። ደረቁ ክር ነው ብልጭታውን የሚይዘው። ጠቅጥቀሽ እንደ ድብልብል ከተውሽው አይያዝም።

እማማ ጽጌ
ልጆቼ፣ ጧፍ የሚባል ነገር ረሳችሁ? ሰም የተነከረ የጥጥ ክር ነው። ውሃ ቢነካው ጠረግ አድርገሽ ትለኩሺዋለሽ። ጠቅልለሽ ላስቲክ ውስጥ ብታስገቢው ከጣት አይበልጥም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሁሉ ይሸጣል። ብረት ፍለጋ መርካቶ መንከራተት ምን ያደርጋል?

ሄለን ኮሎራዶ
እማማ፣ እጅዎን ይባርከው! ከኔ ጥጥ የእርስዎ ይሻላል። እናቴ ስትመጣ አስመጣለሁ።

ኪሩ
ሳኒታይዘርም ይነዳል። ሁሉም ሰው ቦርሳ ውስጥ አለ።

የደባርቅ ልጅ
ይነዳል፣ ግን ቀን ላይ ነበልባሉ አይታይም። የጠፋ መስሎት እጁን የሚሰድ ሰው አለ። እኔ አልመክርም።

ዳጊ ሾፌር
የሳይክል ጎማ የውስጡን ላስቲክ በቀጭኑ ቁረጪና ላይተሩ ላይ አጥልቂው። ላይተሩ አያንሸራትትም፣ ላስቲኩ ደግሞ ዝናብ ላይም ይነዳል። ጎማ ሠሪ ጋ ተቀዶ የተጣለ አይጠፋም። ጭሱ ግን ጥቁር ነው፣ ድንኳን ውስጥ እንዳትሞክሪው።

ሜሪ ጂ
ድንኳን ውስጥ ምንም እንዳታነድዱ። ከሰልም ቢሆን «ጭሱ አልቋል» ብላችሁ እንዳታስገቡ። የሚገድለው የማይታየው ነው። እኛ ያን ሌሊት አንድ ልጅ ከሰል እናስገባ ሲል ስካውቱ፣ አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ነው የከለከለን።

ሳሚ ጎፋ
ምናለሽ ተራ ከተባለው ሱቅ እኔም ብረቱን ገዝቻለሁ። ፍቄ ፍቄ ብልጭታው ለዓመል ነው። በሳምንቱ ከእጀታው ተነቀለ።

አቤል መርካቶ
ሌላ ሱቅ ይሆናል የገባኸው። የኔ ደንበኛ እንዲህ አያደርግም።

ሳሚ ጎፋ
አንተው ነህ እኮ ያሳየኸኝ! ፎቶውን ላስቀምጥ?

አቤል መርካቶ
አዲስ ሲሆን ላዩ ላይ ጥቁር ቅብ አለው። እሱን በቢላ ጀርባ በደንብ ካልፋቅከው ብልጭታ አይሰጥም። እጀታውን ደግሞ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግበት። ሱቁ ምን አጠፋ?

ሄለን ኮሎራዶ
ስለ ቅቡ አቤል ልክ ነው። መጀመሪያ መፋቅ አለበት። ሲፋቅም ቢላውን መግፋት ሳይሆን ብረቱን ወደ ኋላ መሳብ ነው፣ አለዚያ ጥጡን ትበታትነዋለህ። እጀታው መነቀሉ ግን የሱቁ ነው።

ቤዛ የጉለሌ
የዝናብ ልብሱን የመለሰልኝ የለም።

እማማ ጽጌ
በሶም ያዙ። በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ እሳት አይጠይቅም። ጋቢም አይቅር።

የሰሚቷ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማማ ይኑሩልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ እስከ ጎንደር በአውሮፕላን ነው የምንሄደው። ላይተሩ ችግር ይኖረዋል?

ሄለን ኮሎራዶ
የበረራ ደንቡ በጠቅላላው አንድ ላይተር ኪስሽ ውስጥ ነው የሚፈቅደው። ለካርጎ በምትሰጪው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የምድጃ ጋዝ ቆርቆሮ ግን በየትኛውም በኩል አይገባም።

የደባርቅ ልጅ
ላይተርና ክብሪት ደባርቅ ሱቁ ሁሉ አለ፣ አትጨነቂ። ክብሪቱን ከነመጫሪያው በድርብ ላስቲክ ጠቅልይው። ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት አንዱን ጧፍ ቤትሽ በረንዳ ላይ፣ እጅሽን ውሃ ነክረሽ ለመለኮስ ሞክሪ። በቀዘቀዘ ጣት ስንት ጊዜ እንደሚያመልጥሽ እዚያው ታዪዋለሽ።

አቤል መርካቶ
እህት፣ ብረቱን አስቀምጥልሽ? ደንበኛዬ ሁለት ብቻ ነው የቀሩት እያለ ነው።

ኪሩ
የሰሚቷ፣ የቱን ወሰንሽ?

ጃኪ_አዋሳ
ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። ደባርቅ ላይ የመኝታ ከረጢት በቀን ስንት ነው የሚከራየው? ንጹህ የሆነ?