ፑል ላይ በልኬት ወይስ በስሜት?

ነጯ ኳስ፦ ሰላም ለቤቱ። እኔ ፑል የለመድኩት በልኬት ነው። ነጯ ሌላዋን ስትነካ የት ላይ እንደምትሆን አስባለሁ። እዚያ ቦታ የሌለች ኳስ በሐሳቤ አስቀምጥና ወደ እሷ እመታለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም ረድቶኛል። አሁን ግን ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ስሌቱ አይለቀኝም። እጄ ድርቅ ይላል። ጓደኛዬ ምንም ሳይለካ እየሳቀ ያስገባል። ጀማሪ በልኬት ይማር ወይስ በስሜት? እኔስ ልኬቱን ልተወው?

ጠመኔ፦ ተወው! እናትህ ምጣድ ላይ ሊጥ የምታዞረው ለክታ ነው እንዴ? እጇ ያውቀዋል፣ አለቀ።

ሠላሳ ዲግሪ፦ እጇ እስኪያውቀው ስንት እንጀራ እንደተበላሸባት ጠይቅ እስቲ። ነጯ ኳስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ይከፍላል። የነጯን መሃል በሌላዋ ኳስ ጠርዝ ላይ ካነጣጠርክ የተመታችው ነጯ ከመጣችበት መስመር በ30 ዲግሪ ትሄዳለች። ሁሌም። በስሜት የጀመረ ሰው ግን ነጯን የሚያነጣጥረው ኳሶቹ መነካካት ያለባቸው ነጥብ ላይ ነው። ትክክል ይመስላል። ግን ኳስ ክብ ናት፤ መሃሏ እዚያ ሳይደርስ በጎኗ ቀድማ ትነካለች። ስለዚህ ከሚገባው በላይ ሞልቶ፣ ማለትም ወደ መሃሏ አስጠግቶ፣ ይመታና ይስታል። ይህን ካልነገሩት ወር ሙሉ ሲስት ይከርማል።

ጠመኔ፦ "ሁሌም" አትበል። ኳሶቹ ሲነካኩ ይፋተጋሉ። ፍትጊያው የተመታችውን ከመስመሯ ትንሽ ይጎትታታል፤ ቀስ ብለህ ስትመታ ደግሞ ይብሳል። እኛ ሰፈር ያሉት ኳሶች መቼ እንደታጠቡ አይታወቅም። የአንተ 30 ዲግሪ ለእነሱ አይሠራም። እኔ ሁለት ጨዋታ እንደተጫወትኩ ሳላስበው እጄ ቀጠን አድርጎ፣ ወደ ጠርዟ፣ መምታት ይጀምራል። ማን ነገረው? ማንም።

ሠላሳ ዲግሪ፦ ሌላ ቤት ስትሄድስ? አዲስ ኳስ ያለበት ቤት ገብተን ሦስቴ ተከታትለህ ስተህ "ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል" ያልከው አንተ አይደለህም?

ጠመኔ፦ ዘንበል ብሎ ነበር።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦ ልግባበት። ሪች ማስተርስ የሚባል ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. በጎልፍ የሞከረው ነገር አለ። አንዳንዶቹ የአመታት መመሪያ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ሕግ እንዳያጠራቅሙ፣ እየመቱ በዘፈቀደ ፊደል እንዲጠሩ ተደረገ። በኋላ ጫና ሲመጣ መመሪያ የተሰጣቸው መሻሻላቸው ቆመ። ፊደል ጠሪዎቹ ግን መሻሻላቸውን ቀጠሉ። የነጯ ኳስ እጅ የሚደርቀው ለዚህ ይመስለኛል። የሚያውቀው ሕግ ሲጨንቀው ተመልሶ ይመጣበታል።

ሠላሳ ዲግሪ፦ በልምምዱ ወቅት የበለጠ ያስገቡትስ እነማን ናቸው?

የሥነ ልቦና ተማሪ፦ መመሪያ የተሰጣቸው። እሱ እውነት ነው። ፊደል እየጠሩ መምታት ግን ራሱ ፈተና ነው፣ እሱን አትርሳ።

ጋሼ ከረንቡላ፦ ልጆች፣ እኔ ያደግኩት ከረንቡላ ላይ ነው። ኳስ ጠርዝ ላይ አንጥረህ ስትመታ ካልቆጠርክ የትም አትደርስም። ፊሊፒናዊውን ኤፍረን ሬየስን ታውቁት የለ? በ1999 እ.ኤ.አ. ናይን ቦል በሚባለው የፑል ዓይነት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። "አስማተኛ" ይሉታል። ልጅ ሆኖ ማኒላ ውስጥ አጎቱ ፑል ቤት ነው ያደገው፤ የሚተኛውም ጠረጴዛ ላይ ነበር። እናንተ "ስሜት" የምትሉት እንዲህ ነው የሚመጣው። ነጯ ኳስ፣ ልኬቱን አትጣለው። ቦታ ቀይርለት። ቆመህ ለካ፣ ወስን፣ ከዚያ ጎንበስ በል። ከጎነበስክ በኋላ ዓይንህ ኳሷ ላይ ብቻ ይሁን። ከተጠራጠርክ እዚያው ሆነህ አታስተካክል፤ ተነስና እንደገና ጀምር።

ጠመኔ፦ ጋሼ ወደ እኔ አደሉ።

ሠላሳ ዲግሪ፦ "ቆመህ ለካ" ነው ያሉት። አንብብ እንጂ!

ነጯ ኳስ፦ ጋሼ፣ ያሉኝን ትናንት ሞከርኩት። ሞላ ያሉት ምቶች ላይ እጄ ፍታት አለ። በጣም ቀጭኖቹ ላይ ግን አሁንም እጠራጠራለሁ። አንዷ ኳስ ላይ ሦስቴ ተነሳሁ። ጓደኛዬ "ልትመታ ነው ወይስ ልትሰግድ?" አለኝ።

ጠመኔ፦ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

ነጯ ኳስ፦ እኔ።