አጥር ስር የተተከለ ባዛር፦ ለጩኸቱ ማን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን፣ ከመኖሪያ ቤቶች አጥር ስር ለሦስት ቀን ባዛር ድንኳን እየተተከለ ነው። ሞንታርቦው ወደ ቤቶቹ ዞሯል። አቤቱታው የት ይቅረብ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ፈቃዱን ወደ ሰጠው ቢሮ ሂዱ፤ ከተጀመረ ማስቆም ይከብዳል። የማብቂያ ሰዓት ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። የመኖሪያ አካባቢ የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ነው፤ ሌሊቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል።

መልስ፦ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጠው። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ለሦስት ቀን ባዛር ግን ምን ሊረባ!

መልስ፦ አዘጋጁን ቀድማችሁ አናግሩት። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚቀንሰው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ 10 ሜትር ላይ 90 የሆነ ድምፅ 80 ሜትር ላይ ገና 72 ነው። ሞንታርቦውን ማዞር ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ግን ዞሮም ግድግዳ አልፎም ይገባል፣ እሱን ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቆጣጠሪያው) ላይ አስቀንሱ። ጀኔሬተሩም ወዲያ ይራቅ።